ከ70ዎቹ ሄቪዌይት (ከባድ ሚዛን) ቦክሰኞች ማንን ልምረጥ ለምትሉ፦ ሙሐመድ አሊ፣ ጆ ፍሬዘር፣ ጆርጅ ፎርማን፣ ኬን ኖርተን ወይስ ላሪ ሆምስ?

የ70ዎቹ ሄቪዌይት ክርክር ሁሌም የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፣ ሰው ስም ይጠራል እንጂ ዓመት አይጠራም። አንዱ "አሊ ፎርማንን ዘርሮታል በቃ አለቀ" ይላል፣ ሌላው "ፎርማን እኮ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስቴ ነው የጣለው" ይላል፣ ሶስተኛው ይነሳና "ታድያ ፍሬዘርስ አሊን አላሸነፈውም?" ይላል፣ ሶስቱም ያሉት እውነት ነው ግን በዚ አካሄድ ሌሊቱን ሙሉ ብትከራከሩም መልስ የለውም ምክንያቱም ነገሩ ክብ ነው። ኖርተን ለአሊ ከባድ ነው፣ ፎርማን ለኖርተንና ለፍሬዘር ከባድ ነው፣ አሊ ደሞ ለፎርማን ከባድ ነው፣ ዞራችሁ ዞራችሁ እዛው ትመለሳላችሁ።

ስለዚ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የስንት ዓመተ ምህረቱን አሊ ነው የምታወሩት ብዬ ነው። የ67ቱን፣ የ71ን፣ የ74ን ወይስ የ76ን? አራቱም የተለያዩ ቦክሰኞች ናቸው እኮ። ፎርማንም የ73ቱና የ94ቱ ጭራሽ አይገናኙም። እዚ ላይ የምጽፋቸውን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝና አንድ በአንድ እንያቸው።

ሳልረሳው አንድ ደስ የሚለኝን ነገር ልበል። የዘመኑ ሶስት ዋና ሰዎች ሶስቱም የኦሎምፒክ ወርቅ አላቸው፣ ሶስቱም ወርቃቸውን የወሰዱት የኛ ሰው ማራቶን ባሸነፈበት ኦሎምፒክ ላይ ነው። አሊ ያኔ ካሲየስ ክሌይ ተብሎ በ1960 ሮም ላይ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት። ፍሬዘር በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ አበበ በደገመበት። ፎርማን በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ባሸነፈበት። አሊ እንደውም በሄቪዌይት አልነበረም ከሱ በታች ባለው ሚዛን ነው ያሸነፈው፣ ሁለቱ ግን ከመጀመሪያውም በከባድ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ

"ምርጡ ማነው" የሚለው ነገር ውስጡ ሶስት ጥያቄ አለ። አንዱ፣ ሁሉም በምርጥ ቀናቸው ቢገናኙ ማን ያሸንፋል ነው። ሁለተኛው፣ በአስሩ ዓመት ውስጥ ማን ማንን ገጠመ፣ ምን ሰራ፣ ተሸንፎስ ተመልሷል ወይ ነው። ሶስተኛው ቁጭ ብላችሁ ለማየት ማን ይሻላል ነው። ለሶስቱም አንድ ሰው መልስ ሊሆን አይችልም፣ ክርክሩ የሚጦዘው አንዱ ስለ አንደኛው ሲያወራ ሌላው ስለ ሁለተኛው ስለሚመልስለት ነው።

ሌላው መያዝ ያለባችሁ ነገር ያኔ የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር። ወደ 12 መውረድ የጀመረው በ1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ከሞተ በኋላ ነው። እነዛ የመጨረሻ ሶስት ዙሮች ቀላል አይደሉም፣ አሊ በ71 በፍሬዘር የወደቀው በ15ኛው ነው፣ ሆምስ ኖርተንን የበለጠው በ15ኛው ነው፣ አሊና ፍሬዘር በ75 ማኒላ ላይ ያደረጉት ግጥሚያ የቆመው 15ኛው ሊጀመር ሲል ነው። 12 ዙር ቢሆን ኖሮ የዘመኑ ታሪክ ግማሹ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለ ክብደትም "የዛሬዎቹ ግዙፎች በአንድ እጃቸው ይጥሏቸዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው ፍሬዘር በ71 93 ኪሎ ገደማ ነበር፣ አሊ 97 ተኩል፣ በዛሬ ሚዛን ትንንሽ ናቸው። ግን ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ ከ100 ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ከ2 ሜትር በላይ የሆነውን ታይሰን ፉሪን በ2024 ሁለቴ አሸንፎታል፣ ስለዚ ቁመትና ኪሎ ብቻውን ክርክር አይዘጋም።

አሊ፣ ግን የትኛው?

አሊን የምትመርጡ ከሆነ የትኛውን እንደሆነ ተናገሩ። የመጀመሪያው አሊ ከ64 እስከ 67 ያለው ነው፣ ሶኒ ሊስተንን ማያሚ ቢች ላይ ከሰባተኛው ዙር በፊት ከወንበሩ አልነሳም ያስባለው፣ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን ሂውስተን ላይ በሶስት ዙር የጨረሰው። ያ አሊ እጁን ዝቅ አርጎ፣ ወደኋላ እየሄደ፣ አናቱን በሁለት ጣት ያህል ብቻ ከቡጢው እያሸሸ የሚመታ ሰው ነው፣ ለዛ ሁሉ ኪሎ እንደዛ አይነት እግር ከሱ በፊት አልታየም። እና ያን አሊ በሙሉ ጉልበቱ ያላየነው ሰው ስላሸነፈው አደለም። በ1967 አፕሪል ላይ ሂውስተን ውስጥ ለውትድርና ስሙ ሲጠራ ወደፊት አልራመድም አለ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶውንም የቦክስ ፈቃዱንም ነጠቁት፣ ከ25 ዓመቱ እስከ 28 ዓመቱ ድረስ አንድም ግጥሚያ አላረገም። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 0 ነጻ አወጣው ግን ያን እድሜ ማን ይመልስለታል። ለአንድ ቦክሰኛ ከዛ የሚበልጥ እድሜ የለም።

ሁለተኛው አሊ በኦክቶበር 1970 አትላንታ ላይ ከጄሪ ኳሪ ጋር የተመለሰው ነው። ይሄኛው ሶስት ደቂቃ ሙሉ መዞር አይችልም፣ ግን ጭንቅላቱ ከድሮው በልጧል፣ ደሞ ድሮ ቡጢ ስለማያርፍበት ማንም የማያውቀው ነገር ታወቀ፣ ቡጢ የመቻል አቅሙ ለማመን የሚከብድ ነበር። ያ አቅም ግጥሚያ አሸነፈለት፣ ጤናውንም ያስከፈለው እሱ ይመስለኛል።

የዚ አሊ ጫፉ ኪንሻሳ ነው። ኦክቶበር 30 1974፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ከወረዱ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ግጥሚያው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ተብሎ በኪንሻሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው፣ በኛ ሰዓት ንጋት 12 ማለት ነው። ፎርማን 25 ዓመቱ፣ 40 ተጋጥሞ 40 አሸንፎ፣ ከዛ ውስጥ 37ቱን በዝረራ። አሊ 32። ብዙ ሰው አሊ ያሸንፋል ሳይሆን በሰላም ይውጣ ነበር የሚለው። አሊ በመጀመሪያው ዙር ቀጥታ በቀኝ እየጀመረ መታው፣ ይሄ ለቦክሰኛ ንቀት ነው ምክንያቱም ቀኝ ሩቅ መንገድ ስለሚሄድ ያየዋል፣ ፎርማን በንዴት ነደደ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አሊ ገመዱን ተደግፎ እጁን ፊቱ ላይ አርጎ በል ምታ አለው። ፎርማን መታ መታ መታ፣ አምስተኛው ላይ ክንዱ ከበደው፣ ስምንተኛው ሊያልቅ ሲል አሊ ከገመዱ ወጥቶ በተከታታይ መታው ወደቀ። ብዙዎች ይሄን እንደ ዘዴ ብቻ ያወሩታል። እኔ ግን የማየው ዘዴውን አደለም፣ ያን ዘዴ ለመስራት ኖርተንና ፍሬዘር ሁለት ዙር ያልቻሉትን ቡጢ ሰባት ዙር መቀበል ያስፈልጋል፣ እሱን ነው ማንም ያልነበረው።

ሶስተኛው አሊ ከማኒላ በኋላ ያለው ነው፣ እሱን አትምረጡ። በ76 ጂሚ ያንግን በነጥብ አሸነፈ ተባለ፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ያንኪ ስታዲየም ላይ ኖርተንን አሸነፈ ተባለ፣ ሁለቱንም ዛሬ ብታዩዋቸው ትጠራጠራላችሁ፣ የኖርተኑን እኔ ለኖርተን ነው የምሰጠው። በ77 ኧርኒ ሼቨርስ የሚባል ከባድ መቺ መቶት መቶት 15 ዙር ጨርሶ ከወጣ በኋላ የራሱ ሐኪም ፈርዲ ፓቼኮ አቁም ብሎት አልሰማ ሲለው ትቶት ሄዷል። በ78 ሊዮን ስፒንክስ የሚባል ገና ስምንተኛ የፕሮፌሽናል ግጥሚያው ላይ ያለ ልጅ አሸነፈው፣ በዛው ዓመት አሊ መልሶ ወሰደበትና ለሶስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። እዛ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። በ1980 ከሆምስ ጋር ያደረገውን እንዳታዩት እመክራለሁ፣ አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ከአስረኛው ዙር በኋላ አስቆመው።

ፍሬዘር፣ ሰው የማያከብረው

እኔን በጣም የሚያናድደኝ በዚ ክርክር ውስጥ ፍሬዘር ሁሌ ሶስተኛ መደረጉ ነው። ሰውየው ተጋጥሞ የተሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቴ በአሊ ሁለቴ በፎርማን፣ ከነሱ ውጪ ያሸነፈው ፍጡር የለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 አካባቢ፣ እጁ አጭር፣ ግራ ዓይኑ ድሮውንም በደንብ የማያይ ነበር፣ ያን ሁሉ ይዞ ነው ከሱ ረጃጅም ሰዎች ስር እየገባ የሚያሸንፈው።

አጨዋወቱን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ወደፊት የሚሄድ ሰው ይመስላችኋል። ዝቅ ብሎ አናቱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ነው የሚገባው፣ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚወረወር ቀጥታ ቡጢ) ስትወረውርበት ከስሩ ያልፍና ሰውነት ይመታል፣ ጎን፣ ኩላሊት አካባቢ፣ ሆድ፣ እጃችሁን ለመከላከል ዝቅ ስታረጉ ግራ ሁኩ (ከጎን ታጥፎ የሚመጣው ቡጢ) ወደ አገጭ ይመጣል። አንድ ቡጢ አደለም፣ በየዙሩ እየጨመረ የሚሄድ ስራ ነው። አሰልጣኞቹ ያንክ ዱራም በኋላም ኤዲ ፋች ይሄን ያጠኑለት ቁመቱን አይተው ነው፣ ረጅም ሰው እሱ ርቀት ላይ እንዲቆም ከተፈቀደለት ፍሬዘር አለቀለት ማለት ነው።

ማርች 8 1971፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ሁለቱም ተሸንፈው አያውቁም፣ ሁለቱም ሻምፒዮን ነኝ የሚሉበት ምክንያት አላቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር፣ በዛ ዘመን የማይታሰብ ብር። ያን ማታ የነበረው ፍሬዘር በ70ዎቹ ውስጥ በአንድ ሌሊት ከታዩት ቦክሰኞች ሁሉ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው፣ የኪንሻሳውን አሊም ጨምሮ። በ11ኛው ዙር አሊን አንገዳግዶታል፣ በ15ኛው ያ ግራ ሁክ መጣና አሊ በጀርባው ወደቀ፣ ወዲያው ተነሳ ደሞ፣ እሱም ለአሊ ክብር ነው። ሶስቱም ዳኞች ለፍሬዘር ሰጡ፣ አንደኛው እንደውም 11 ዙር ለ4።

እና ከዛ ማታ በኋላ ያው ፍሬዘር አልተመለሰም። ሆስፒታል ገባ፣ ከሻምፒዮና ግጥሚያ ቀላል ቀላሉን ሁለት አረገ፣ ከዛ በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ጃማይካ ላይ ፎርማን ፊት ቆመ። "ፎርማን ፍሬዘርን እንደዛ ካረገው..." የምትሉ ሰዎች ይሄን አስገቡልኝ። የ71ዱ ፍሬዘር ቢሆንም ይሸነፍ ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ዝቅ ብሎ የሚመጣ ሰው ለፎርማን አፐርካት (ከታች ወደላይ ለሚመጣ ቡጢ) የተመቸ ነው፣ ግን በሁለት ዙር ስድስቴ አይወድቅም ነበር።

ከሪንግ ውጪ ያለውም ያሳዝነኛል። አሊ ፈቃዱን ሲነጠቅ ፍሬዘር በገንዘብ ረድቶታል፣ ፈቃዱ እንዲመለስለትም ተናግሮለታል። አሊ ግን ትኬት ለማሸጥ ብሎ ሰውየውን በህዝብ ፊት ጎሪላ እያለ ሰደበው፣ የነጮች ሰው ነው አለው፣ ያ ነገር ፍሬዘርን ልጆቹን ሳይቀር ጎድቷቸዋል። አሊን በጣም እወደዋለሁ፣ ይሄን ግን ማንም እንዲያልፍለት አልፈልግም።

ማኒላ ኦክቶበር 1 1975፣ ጠዋት ላይ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። መጀመሪያ አሊ፣ መሃሉን ፍሬዘር፣ ከ12ኛው ጀምሮ ደሞ አሊ። የፍሬዘር ደህናው ቀኝ ዓይን ተዘጋ፣ ግራው ድሮም አያይም፣ ማለትም የሚመጣውን ቡጢ ሳያይ ነው የሚጋጠመው። ከ14ኛው በኋላ ኤዲ ፋች በቃ አለ፣ ፍሬዘር እየለመነው። በሪንግ ውስጥ ሰው ሲሞት ያየ አሰልጣኝ ነበር ፋች፣ እኔ ልክ ሰርቷል ነው የምለው። ሁለቱ በሶስት ግጥሚያ 41 ዙር አብረው ሄደዋል።

ፎርማን

ለአንድ ሌሊት ማንን ትፈራላችሁ ከተባለ መልሱ የ73ቱ ፎርማን ነው፣ ይሄ ብዙ አያከራክርም። ሆሴ ሮማንን ቶኪዮ ላይ በአንድ ዙር፣ ኖርተንን ካራካስ ላይ በሁለት፣ ፍሬዘርን በሁለት። እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ነው የሚመታው፣ ያማረ ነገር የለውም፣ ግን መርሳት የሌለባችሁ ሁለት ነገር ይችላል፣ አንዱ ሪንጉን ቆርጦ ሰው ማዕዘን ውስጥ ማስገባት፣ ሁለተኛው በእጁ ገፍቶ ሰውየውን ለቡጢው የሚመቸው ርቀት ላይ ማቆም። ፍሬዘርን እኮ እየገፋ ነው የመታው።

ድክመቱ ትንፋሽ ነው። ሁሉንም በሁለት ዙር የሚጨርስ ሰው ስድስተኛ ዙር ምን እንደሚመስል አያውቅም። ኪንሻሳ ላይ ያ ታየ፣ በ77 ሳን ሁዋን ላይም ጂሚ ያንግ አድክሞት በ12ኛው ዙር ጥሎት በነጥብ አሸነፈው። ከዛ በኋላ ፎርማን መልበሻ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር አናገረኝ ብሎ ቦክስ ትቶ ሰባኪ ሆነ፣ አስር ዓመት።

እና በ1987 ተመለሰ፣ ወፍሮ፣ ራሰ በራ ሆኖ። ኖቬምበር 1994 ላይ በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን፣ በነጥብ እየተበለጠ ቆይቶ፣ በአስረኛው ዙር በአጭር ቀኝ ዘረረው። የለበሰው ቁምጣ ኪንሻሳ ላይ የለበሰውን ቀይ ነው። ማዕዘኑ ላይ ደሞ ማን ቆሟል ብትሉ አንጀሎ ደንዲ፣ ኪንሻሳ ላይ ከአሊ ጋር የነበረው ሰው። ሁለተኛውን ፎርማን ከምርጥነት አንጻር ከመጀመሪያው ጋር አላወዳድረውም፣ ግን ቀስ ብሎ መተንፈስ የተማረው በዚ እድሜው ነው፣ የ73ቱ ጉልበት ከ94ቱ እርጋታ ጋር አንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ክርክር አይኖርም ነበር።

ኖርተን

ኖርተንን የሚመርጥ ሰው ብዙ አይገጥማችሁም፣ ግን የሚመርጠው ሰው የአሊን ሶስት ግጥሚያ ያየ ሰው ነው። በማርች 1973 ሳን ዲዬጎ ላይ የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸንፏል፣ በዛው ዓመት የተደገመውን አሊ በጠባብ ወሰደው፣ ሶስተኛውን ከላይ ተናግሬያለሁ። 39 ዙር አብረው ሄደው የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አይታወቅም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይከላከላል፣ እግሩን እየጎተተ በማይጠበቅ ምት ይገባል፣ ጃቡን ከታች ወደላይ ነው የሚወረውረው፣ ያ ሁሉ የአሊን ሰዓት ያዛባበታል። ከባድ መቺ ሲገጥመው ግን ወደኋላ ይሄድና ያልቃል፣ ፎርማን በሁለት ዙር፣ ሼቨርስ በአንድ፣ ጌሪ ኩኒ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ቀበቶውንም በ78 ያገኘው ስፒንክስ ከሱ ጋር አልጋጠምም ብሎ አሊን ስለመረጠ ደብልዩ ቢ ሲ የሚባለው የቦክስ ድርጅት ያለ ግጥሚያ በወረቀት ስለሰጠው ነው፣ የሻምፒዮና ግጥሚያ አሸንፎ አያውቅም። ከአምስቱ አምስተኛ ነው የማረገው፣ ግን የትም ሌላ ዘመን ቢሆን አምስተኛ የሚሆን ሰው አልነበረም።

ሆምስ

ላሪ ሆምስ በሁለት ነገር ተበደለ፣ ከአሊ ቀጥሎ መጣ፣ ከዛ ደሞ አሊን የመታው እሱ ሆነ። ህዝቡ ለዛ ይቅር አላለውም። ግን እንደ ቦክሰኛ ካያችሁት ጃቡ በሄቪዌይት ታሪክ ምርጡ ነው እላለሁ፣ ፈጣን ብቻ ሳይሆን የሚያም፣ ሰው የሚያስቆም ጃብ። ለዓመታት የአሊ የልምምድ አጋር ነበር፣ ከሱ እያየ ተምሯል፣ እጁን የሚይዘው ግን ከአሊ በተሻለ ነው።

ልቡን ማየት የፈለገ ሁለት ነገር ይይ። ጁን 1978 ላስ ቬጋስ ላይ ከኖርተን ጋር፣ 14 ዙር እኩል ሄደው 15ኛው ወሰነው፣ ሶስቱም ዳኞች 143 ለ 142 ነው የጻፉት፣ ሁለቱ ለሆምስ አንዱ ለኖርተን። በ79 ደሞ ኧርኒ ሼቨርስ በሰባተኛው ዙር በቀኝ እንደዛ አርጎ ጥሎት ተነስቶ በ11ኛው ጨረሰው፣ እንዴት እንደተነሳ እስካሁን አይገባኝም። 48 ለ 0 ደርሶ ሳይሸነፍ ያቆመውን የሮኪ ማርሲያኖን 49 ድል ሊያክል አንድ ሲቀረው በ85 በማይክል ስፒንክስ ተሸነፈ። በህይወቱ ሆምስን በዝረራ የጨረሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማይክ ታይሰን፣ ያም ሆምስ 38 ዓመቱ ላይ።

ሆምስን ለመምረጥ የሚያስቸግረው የተጋጣሚዎቹ ነገር ነው። ፎርማን ሄዷል፣ ፍሬዘር አቁሟል፣ አሊ አልቋል። ጥፋቱ የሱ አደለም ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ ይጎዳዋል።

ቀበቶ ሳያገኙ ከቀሩት ማን ይመረጣል?

እዚ ላይ ነው የዘመኑ ሃብት የሚታየው። ጄሪ ኳሪ በ1973 ብቻ ሮን ላይልንም ኧርኒ ሼቨርስንም አሸንፏል፣ ሼቨርስን በአንደኛው ዙር። ላይል ደሞ በ75 ሼቨርስን መታ። ያንግ ላይልን ሁለቴ አሸነፈ፣ ፎርማንን አሸነፈ፣ በኖርተን በጠባብ ተሸነፈ። እዛው ዘመን ላይ ቹቫሎ የሚባል ካናዳዊ አለ፣ አሊን ሁለቴ፣ ፍሬዘርን፣ ፎርማንን ገጥሞ አንድም ቀን መሬት ሳይነካ ያቆመ። አርጀንቲናዊው ቦናቬና አለ፣ ፍሬዘርን በ66 ሁለቴ የጣለው።

በቡጢ ክብደት ብቻ ከሆነ ሼቨርስ፣ የገጠሙት ሁሉ የሚመሰክሩለት እሱን ነው፣ አሊም ሆምስም። ግን ትንፋሽና ቡጢ የሚችል አገጭ የለውም። በቴክኒክ ከሆነ ጂሚ ያንግን እመርጣለሁ፣ ቡጢ የሌለው ሰው ፎርማንን እንዴት ያሸንፋል ለሚል እሱን አሳዩት፣ ከአሊ ጋር ግን አናቱን ከገመድ ውጪ እያወጣ ዙር እያበላሸ ራሱን ጎድቷል፣ ሻምፒዮን ልሆን ብለህ ከመጣህ እንደዛ አይደረግም። ኳሪን ሳስበው አዝናለሁ፣ በሌላ አስር ዓመት ውስጥ ሻምፒዮን ይሆን ነበር፣ የተቀበለው ቡጢ አእምሮውን ጎድቶት በ53 ዓመቱ በ1999 ሞተ። ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ከሆነ ላይል፣ እስር ቤት ሰባት ዓመት ከምናምን ቆይቶ ወጥቶ በ30 ዓመቱ ነው ፕሮፌሽናል የሆነው፣ በጃንዋሪ 1976 ከፎርማን ጋር ያደረገው አራተኛ ዙር ፎርማን ሁለቴ ላይል አንዴ የወደቁበት ነው፣ በአምስተኛው ፎርማን ጨረሰው።

እሺ፣ ማንን?

በአስሩ ዓመት ስራ ከሆነ አሊ፣ ልዩነቱም ጠባብ አደለም። ፍሬዘርን ሁለቴ፣ ፎርማንን፣ ኖርተንን፣ ላይልን፣ ሼቨርስን፣ ኳሪን ሁለቴ፣ ያንን ዝርዝር ያለው ሌላ ሰው የለም፣ ያውም እግሩን ካጣ በኋላ።

በአንድ ሌሊት ከሆነ የማርች 71ዱን ፍሬዘር ከፎርማን በስተቀር በዘመኑ ካሉት በሁሉም ላይ አስይዛለሁ። የ67ቱ አሊ ከ73ቱ ፎርማን ጋር ቢገናኝ አሊ በነጥብ፣ ገመድ መደገፍም አያስፈልገው፣ ፎርማን የሚቆም ሰው ይፈልጋል ያ አሊ ደሞ አይቆምም። የ80ው ሆምስ ከ74ቱ አሊ ጋር ሆምስ ጃቡን በልጦ በጠባብ ያሸንፋል ብዬ ነው የማስበው፣ ብዙ ሰው እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ። ሆምስና የ73ቱ ፎርማን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ካለፈ ሆምስ፣ ካላለፈ ፎርማን።

ለማየት ለምትፈልጉና ገና ለጀማሪዎች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የ71ዱን አሊና ፍሬዘር ሙሉውን፣ በአጭር በተቆራረጠ ቪዲዮ ሳይሆን 15ቱንም ዙር፣ ምክንያቱም የፍሬዘር ስራ በቁርጥራጭ አይታይም። ከዛ ኪንግስተንን፣ አጭር ነው፣ ፎርማን ምን ያህል አስፈሪ እንደነበር ሳታውቁ ኪንሻሳን ብታዩት ትርጉም አይሰጣችሁም። ከዛ ኪንሻሳ። ከዛ ማኒላ፣ ከዛ ለመዝናናት ፎርማንና ላይል። መጨረሻ ላይ ሆምስና ኖርተንን ክፈቱና 15ኛው ዙር ሲደርስ ድምጹን ዘግታችሁ እያንዳንዳችሁ በየወረቀታችሁ ነጥብ ስጡ፣ የኮሜንታተሩ ጩኸት ሳይጎትታችሁ ማን እንደወሰደው ጻፉ፣ እኔ ለሆምስ ነው የሰጠሁት፣ ለኖርተን የሰጠ ካለ የትኛው ቡጢ ላይ እንደሆነ ደቂቃውን ጠቅሶ ይምጣ።